በክርስትና ስሙ የተቀበረው ሰው

ረቡዕ ሰኔ ሃያ አምስት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ የመቃብር ጠባቂው ኢተፋ የቤተ ክርስቲያኑን የጓሮ በር ከፍቶ መጥረጊያውን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል፣ በሁለት መቃብሮች መካከል የተዘረጋ የሰው እግር አየ። እግሩ ካልሲ እንጂ ጫማ የለውም። ኢተፋ በዚህ ግቢ ሃያ ሁለት ዓመት ስለሠራ ሬሳ አያስደነግጠውም። ያስደነገጠው ሬሳው ከመሬት በላይ መሆኑ ነው።

ሟቹ አቶ አረጋዊ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በጋዜጣ ዝግጅት ክፍል የፊደል ስሕተት ሲያርሙ ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ የሰው ዘር ፍለጋ ውስጥ ገቡ። አያቱ የት እንደተቀበሩ የጠፋበት፣ አጎቱ በምን እንደሞተ ማወቅ የፈለገ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል። እሳቸውም በድሮ ጋዜጦች ላይ የወጡ የሐዘን መግለጫዎችን ያገላብጣሉ፤ ከዚያ ከመቃብር መቃብር ይዞራሉ፤ ጽሑፉ የደበዘዘ ድንጋይ ሲያጋጥማቸው በውኃ አጥበው፣ አድርቀው፣ ጠመኔ አሽተውበት ያነቡታል። ካዛንቺስ ውስጥ ከሕያዋን ይልቅ ከሙታን ጋር ብዙ ትውውቅ የነበራቸው ሰው እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

ኢንስፔክተር ሙሐሲን ሲደርስ አጥሩ ሥር ሰው ጢም ብሏል። የሰፈሩ ግማሽ ፈርሶ ነዋሪው በየዳርቻው ተበትኗል ይባላል፤ ሬሳ ተገኘ ሲባል ግን ያ ሁሉ ሰው ከየት እንደሚመጣ እንጃ። ሙሐሲን ማንንም ሳያይ አልፎ ገባ። የአርባ ስምንት ዓመት ሰው ነው። ሚስቱ ፈትያ ከሞተች ሰባት ወሯ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ነገር ሁሉ በወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የሚደርሰው ይመስለዋል። ያያል፣ ይጽፋል፣ ይፈርማል። ከዚያ በላይ የሚሰማው ነገር የለም።

ስልኩ ጮኸ። ኮማንደሩ ነበሩ።

«ድንጋይ ወድቆባቸው ነው አሉኝ፤ በአደጋ ዝጋውና ወደ ሌላው ሥራህ ግባ።»

«ኮማንደር፣ ድንጋዩ ቆሟል።»

«የቱ ድንጋይ?»

«ሁሉም።»

የሽማግሌው የጭንቅላት ጀርባ ከጎረቤት መቃብር የሲሚንቶ ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል። ከጎናቸው ቦርሳቸው ተከፍቷል፤ የውኃ ጠርሙስ፣ ብሩሽ፣ ጠመኔ፣ ምንም ያልተጻፈበት አዲስ ደብተር። ስልክ የለም። በኮታቸው የውስጥ ኪስ ግን በላስቲክ የተጠቀለለ የጋዜጣ ቁራጭ ተገኘ። የወጣት ወንድ ፎቶግራፍ አለው፤ ከሥሩ «...ባልደረባቸው ድንገተኛ ሞት የተሰማቸውን ጥልቅ ሐዘን...» የሚል ይነበባል። ስሙ ያለበት ጥግ ተቀድዷል።

ሳጅን ልደት ላስቲኩን ወደ ብርሃን አነሣችው። ከሙሐሲን ጋር አራት ዓመት የሠራች፣ ምላሷ የማይታሰር ሴት ናት። «ይሄ ፎቶ ኮፒ አይደለም እኮ፤ ዋናው ጋዜጣ ነው። እጥፋቱን ያዩታል? ባለሱቅ ስኳር የሚጠቀልልበት ዓይነት። ይሄ ቢጫው ደግሞ እርድ ነው፤ በቃ ወጥ ቤት የገባ ወረቀት ነው።»

«ቤተ መጻሕፍት ሄዶ የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያለውን ከየት ያመጣል?»

«ሰው ሰጥቷቸው ይሆናላ።»

ሽማግሌው የወደቁት አንዲት ትንሽ ድንጋይ ፊት ነው። ጠመኔው ገና አልለቀቃትም። «ገብረ ሥላሴ፤ ዐረፈ ሚያዝያ 27 ቀን 1981 ዓ.ም.» ትላለች። ሌላ ምንም የላትም።

«አባት የለውም?» አለ ሙሐሲን።

«ይሄ የክርስትና ስም ነው፤ ካህን በጸሎት የሚጠራው። በዓለም የሚታወቅበት ስም ሌላ ነው። ማለቴ፣ ድንጋይ ላይ ሁለቱም ይጻፋል። የክርስትና ስም ብቻውን ከሆነ ከእናት፣ ከእኅትና ከንስሐ አባት በቀር ማንም አያውቀውም።»

«እንግዲያው ድንጋዩን ያቆመው ሰው፣ አላፊ አግዳሚው የማን መቃብር እንደሆነ እንዳያውቅ ፈልጓል።»

ልደት ትከሻዋን ሰበቀች። «ሞትን ከማን ይደብቁታል?»

ሙሐሲን ኪሱ ውስጥ ያለውን ስልክ ዳሰሰ። መልሱን ያውቀዋል።

*

እናቱ ቡታጅራ አጠገብ ነው የሚኖሩት። ፈትያ በሞተችበት ሳምንት እሳቸው በልብ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ወንድሞቹ ተሰበሰቡና «ትንሽ ሻል ይበላቸው፤ መርዶውን ከዚያ እንነግራቸዋለን» ተባባሉ። ሙሐሲንም እሺ አለ። እናቱ ሻል አላቸው፤ መርዶው ግን ቀረ። ዛሬ ነገ እየተባለ ሰባት ወር ሆነው። በየሳምንቱ ዓርብ እናትየው ይደውላሉ፤ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ «እስቲ ፈትያን አገናኘኝ» ይላሉ። እሱም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይልካታል፤ ገበያ፣ ሠርግ፣ እኅቷ ቤት። ፈትያ በሕይወቷ ከሄደችው ይልቅ ከሞተች በኋላ የሄደችው ይበልጣል። ይህን ለማንም ሰው አውርቶት አያውቅም፤ ግን ከእንቅልፉ ሲነቃ መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው፦ በሚቀጥለው ዓርብ የት ልላካት?

*

ኢተፋ ከጥበቃ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን እያሸ ተናገረ።

«ሽማግሌው ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ገቡ። አሥራ አንድ ላይ አንዲት ሴት ጥቁር ነጠላ ተከናንባ እያለቀሰች ወጣች። ሌላ ሰው አላየሁም።»

«ፊቷን አላዩትም?»

«ጌታዬ፣ መቃብር ላይ የሚያለቅስ ሰው ፊት ትኩር ተብሎ አይታይም። ነውር ነው።»

«ማታ ሲዘጉስ ግቢውን አልዞሩም?»

ኢተፋ አንገቱን ደፋ። «ጉልበቴን ያመኛል። ከበሩ ላይ ሆኜ ‹ማን አለ?› እላለሁ። መልስ ካልመጣ እዘጋለሁ።»

ሙሐሲን ትንሿን ድንጋይ በአገጩ አመለከተ። «ለዚህ መቃብር የሚመጣ ሰው ነበረ?»

«አንዲት እናት በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ጧፍ ያበሩ ነበር። ሦስት ዓመት ሆናቸው፤ ቀሩ። እንግዲህ ሞተው ይሆናል። ይሄም እስከ ሰኔ ሠላሳ ነው እንግዲህ።» በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አሳየ። ቦታው ለሌላ ሥራ ስለተፈለገ፣ ቤተሰብ እስከ ሰኔ ሠላሳ መጥቶ ዐፅሙን ካላነሣ፣ ባለቤት ያጣው ሁሉ በአንድ ጉድጓድ አብሮ ይቀበራል።

«አምስት ቀን» አለች ልደት።

«ሽማግሌው ደግሞ ሰኞ ዕለት ከድንጋይ ቀራጩ ከዮሚፍ ጋር ተጣልተው ነበር» አለ ኢተፋ። «ጩኸታቸው እስከዚህ ይሰማ ነበር።»

*

ዮሚፍ ከባምቢስ ወረድ ብሎ በቆርቆሮ በተከለለ ቦታ ይሠራል። ፖሊስ ሲያይ መጥረቢያ ማሽኑን አጥፍቶ በጓሮ ሊወጣ ሞከረ፤ ልደት ግን በጓሮ ቆማ ጠበቀችው። ፊቱ በነጭ አቧራ ተሸፍኖ ዓይኖቹ ብቻ ይታያሉ።

«ድንጋይ ነው እንጂ ሰው አልነካሁም!» አለ ገና ሳይጠየቅ።

ሙሐሲን ግድግዳ የተደገፈ ዕብነ በረድ ገለበጠ። በፊቱ አዲስ የተቀረጸ ስም አለ፤ በጀርባው ደግሞ በአርባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ያረፉ የአንድ ግራዝማች ስም። ሌላም ገለበጠ። ሌላም። ዮሚፍ ባለቤትና ጠያቂ ያጣውን የመቃብር ድንጋይ እያነሣ፣ ጀርባውን አለስልሶ ለአዲስ ሟች ይሸጣል።

«ሽማግሌው ይህን ደረሱበት።»

«ደረሱብኝ፤ ሰደቡኝ። እውነታቸውን ነው፤ ባክዎ ምን እላለሁ? ግን ማክሰኞ ከሰባት እስከ አንድ ሰዓት ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም የኩሽና ዕብነ በረድ ስገጥም ነበር። ዘበኛው መዝገብ ላይ አስፈርሞኛል።»

ልደት ደወለች፤ እውነት ነበር። የገባበትም የወጣበትም ሰዓት ተጽፏል። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ በአንድ ስልክ ጥሪ አለቀ። ሙሐሲን ምንም ብስጭት አልተሰማውም፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ይተነፍስ ነበር።

ሊወጡ ሲሉ ዮሚፍ ተጣራ። «ኢንስፔክተር፣ ሰኞ ዕለት መጨረሻ ላይ ምን አሉኝ መሰለዎት? ‹ሌላውን ብትወስድ ከፈጣሪህ ጋር ትተሳሰባለህ፤ ያቺን ትንሿን ግን እንዳትነካ፤ የሚጠብቃት ሰው አለ› አሉኝ።»

*

ሐሙስ ቤተ መጻሕፍት ዋሉ። የ1981ን የሚያዝያና የግንቦት ጥራዝ ያወጣችላቸው ሠራተኛ አቶ አረጋዊን ታውቃቸዋለች። ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ጥራዝ ተውሰው ነበር። ልደት ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ገጹን አገኘችው። ያው ፎቶግራፍ፣ ጥጉ ሳይቀደድ።

«ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር በሄደበት ሚያዝያ 27 ቀን 1981 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሕይወቱ ባለፈው ባልደረባችን በአቶ ምንዳዬ ወልደአማኑኤል...» ይላል። ቀኑ ከድንጋዩ ጋር አንድ ነው። ከሥሩ፣ «ለእኅቱ ለወይዘሪት ጽጌሬዳ ወልደአማኑኤል መጽናናትን እንመኛለን።»

«ለእኅቱ ብቻ» አለ ሙሐሲን። «እናትና አባት ሞተውበት ነበር ማለት ነው።»

ከሰዓት በኋላ የአቶ አረጋዊ የስልክ ጥሪ ዝርዝር መጣ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ከአንድ የመደበኛ ስልክ ተደውሎላቸዋል። እሳቸውም በሞቱበት ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ወደዚያው ቁጥር ደውለዋል። አድራሻው ካዛንቺስ ነው፤ ከፍርስራሹ ጫፍ ከተረፉት ጥቂት ቤቶች አንዱ። የወረዳው መዝገብ በዚያ ቤት ሁለት ሰው ያሳያል፦ ወይዘሮ ሸዋአየሁ፣ ሰማንያ ስምንት ዓመት፤ ልጃቸው ጽጌሬዳ ወልደአማኑኤል፣ ሃምሳ ስድስት።

«እናትየው አሉ» አለች ልደት። «ታዲያ ጋዜጣው ላይ ለምን አልጠሯቸውም?»

*

ዓርብ ጠዋት፣ መኪናዋን ከግቢው ውጭ እንዳቆሙ፣ የሙሐሲን ስልክ ጠራ። ልደት አንገቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ደህና ነኝ እማ። አልሐምዱሊላህ። አዎ በልቻለሁ።» እናቱ የተለመደውን ጠየቁት። «ፈትያ? ኦሎምፒያ ሄዳለች፤ ጫማ ልትገዛ። እነግራታለሁ። እሺ እማ።»

ስልኩን ኪሱ ከተተ። የልደት ፊት ቀላ። በፈትያ ቀብር ላይ ነበረች።

«ኢንስፔክተር...»

«እንውረድ» አላት።

በሩን የከፈተችው ጽጌሬዳ ናት። ጡረታ ልትወጣ አራት ዓመት የቀራት መምህርት፣ ሹራቧ እስከ አንገቷ የተቆለፈ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። በረንዳ ላይ አስቀመጠቻቸው። የአቶ አረጋዊን ፎቶግራፍ አየችና መለሰችው።

«ድንጋይ ወደቀባቸው የተባሉት ሰውዬ ናቸው? በሰፈር ሲባል ሰማሁ። አላውቃቸውም።»

«ከዚህ ቤት ስልክ አራት ጊዜ ተደውሎላቸዋል።»

«እኔ አልደወልኩም።» ይህን ስትል በእውነት የተገረመች ትመስል ነበር።

«ገብረ ሥላሴ የሚባል ሰው ያውቃሉ?»

«አላውቅም» አለች፤ ትንሽ ፈጠነች።

«ማክሰኞ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ትምህርት ተዘግቷል፤ ቀኑን ሙሉ እዚሁ። ከእናቴ ጋር።»

ከውስጥ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ቀጭን ግን ጥርት ያለ የአሮጊት ድምፅ መጣ። «ኧረ ጽጌ! ማክሰኞ ፖስታ ቤት ሄደሽ የምንዳዬን ደብዳቤ ያመጣሽልኝ ቀን አይደል እንዴ? እስኪመሽ ጠብቄሽ!»

 ሙሐሲን ተነሥቶ መጋረጃውን ገለጠ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ አልጋ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው በሞራ ተጋርዷል።

«ምንዳዬ ማነው፣ እማማ?»

«ልጄ ነዋ። በሰማንያ አንድ መሥሪያ ቤቱ ቡልጋሪያ ለትምህርት ልኮት እዚያው ቀረ። ይጽፍልኛል፤ እሷ ታነብልኛለች።» እጃቸውን ዘርግተው የሙሐሲንን እጅ ፈለጉ፤ ያዙት። «አንተ የማን ልጅ ነህ?»

ሙሐሲን እጁን አልነጠቀም። ይህን ቤት ያውቀዋል። ቡልጋሪያ ማለት ኦሎምፒያ ማለት ነው፤ ደብዳቤው ማለት ጫማው ነው። የሱ ሰባት ወር ሲያድግ ይህን እንደሚመስል ለመጀመሪያ ጊዜ አየ።

*

ጽጌሬዳ ከግቢው ጥግ፣ ከውኃ በርሜሉ ጀርባ፣ እናቷ ከማይሰሙበት ቦታ ተናገረች። አላለቀሰችም። የክፍል ስም ዝርዝር የምትጠራ ይመስል ነበር።

«እማዬ ያን ሰሞን ቀዶ ሕክምና ላይ ነበረች። ሐኪሙ ‹በድንጋጤ ትሞታለች› አለን። ሃያ ዓመቴ ነበር። ባልደረቦቹን ለመንኳቸው፤ ስሟን እንዳያወጡ። በክርስትና ስሙ ቀበርኩት፤ የሚያውቃት ሰው ድንጋዩን አይቶ እንዳይነግራት። ለስድስት ወር ነበር ያሰብኩት። ከዚያ ደብዳቤ ጻፍኩ። ከዚያ ሌላ።»

«ሠላሳ ስድስት ዓመት» አለች ልደት።

«መቃብሩን ሄጄ አላውቅም። ሰው ያየኛል ብዬ። የዐፅሙን ማስታወቂያ ስሰማ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ አንድ ሰው ደወለ፤ ‹አረጋዊ ነኝ፤ ወይዘሮ ሸዋአየሁን› አለ። ተኝታለች አልኩት። ከሰዓት በድብቅ ዐፅሙን ላስነሣ መቃብር ብሄድ፣ ያው ሰውዬ ተንበርክኮ የወንድሜን ድንጋይ ጠመኔ ይቀባል።»

«ምን አሉዎት?»

«‹ዐፅሙ መነሣት አለበት› አለኝ። ማን ላከህ አልኩት። ‹ምያለሁ፤ አልናገርም› አለኝ። ድንጋዩን በስልኩ አንሥቶታል። ለእናቴ ሊያሳያት ነው፤ መርዶ ሊነግራት ነው አልኩ። ስልኩን ልቀማው ስታገል ወደ ኋላ ሄደና ጠርዙ አደናቀፈው።» እጇን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተች። «ሲወድቅ አልሞተም ነበር። ያቃስታል። ጠባቂው እዚያው በር ላይ ነው፤ ብጣራ ይሰማኛል። ግን ከተጣራሁ ሁሉም ይታወቃል። ስልኩን ይዤ ወጣሁ።»

ስልኩን አውጥታ ለሙሐሲን ሰጠችው።

«አንድ ነገር ልለምንህ። የምትፈርዱብኝን ፍረዱብኝ፤ ለእማዬ ግን አትንገሯት። ለሥልጠና ሄዳለች በሏት። ጎረቤት ታነብላታለች፤ ደብዳቤ ጽፌ እልካለሁ።»

«እሺ» አለ ሙሐሲን።

እንዲህ ቶሎ እሺ ማለቱ ልደትን ክው አደረጋት። ጎረቤት ጠርተው አሮጊቷ ዘንድ አስቀመጡ፤ ሙሐሲን ገብቶ ስለ ሥልጠናው ነገራቸው። ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ በዚህ ሥራ ተክኗል። ወይዘሮ ሸዋአየሁ «ደግ ነው» አሉ፤ ሌላ ምንም አልጠየቁም።

መኪናው ውስጥ ልደት ጽጌሬዳ እንዳትሰማ በጆሮው አለችው፦ «እስከ መቼ?»

*

ከሰዓት በኋላ ኮማንደሩ እጁን ጨብጠው «ጨረስክ» አሉት። ቃሉ ተጽፏል፣ ስልኩ ተገኝቷል፤ ኢተፋም ሴትዮዋን በነጠላዋ ለይቷታል። ሙሐሲን ጠረጴዛው ላይ ዶሴውን ሊዘጋ ብዕሩን አነሣ፤ ሁለት ነገር ግን አልገጥም አሉት። ጽጌሬዳ መቃብሩን ሄዳ አታውቅም፤ ታዲያ በየሚያዝያው ጧፍ ያበሩ የነበሩት እናት ማን ናቸው? ጽጌሬዳ አልደወለችም፤ ታዲያ ከዚያ ቤት አራት ጊዜ የደወለው ማነው? በዚያ ቤት የሚኖሩት ሁለት ሰዎች ናቸው።

ጋዜጣውን በላስቲኩ ላይ ዳሰሰው። የወጥ ቤት ወረቀት። እጁ ወረቀቱ ላይ ቀረ።

ልደትን ጠራት። «ነገ በማለዳ እንሄዳለን። ሁለት የሰፈር ሽማግሌ ፈልጊ።»

*

መርዶ የሚነገረው ሰው ገና ከቤቱ ሳይወጣ፣ በማለዳ ነው፤ ብቻ ተሁኖም አይኬድም። ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሙሐሲን፣ ልደትና ሁለት ሽማግሌዎች ወይዘሮ ሸዋአየሁ ክፍል ገቡ። ጎረቤቲቱ ራሷን ይዛ ወጣች።

«ስንት ሆናችሁ መጣችሁ?» አሉ አሮጊቷ።

«አራት ነን፣ እማማ።»

«በዚህ ሰዓት አራት ሰው የሚመጣው ለአንድ ነገር ነው።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ለምንዳዬ ከሆነ አትድከሙ። እሱን እኔው ለራሴ ነግሬዋለሁ። በሰማንያ ሁለት፣ በመስከረም።»

ልደት አፏን በእጇ ያዘች።

«ባለሱቁ እርድ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ቤት ገብቼ ስፈታው ልጄ ያየኛል። መሠረተ ትምህርት የተማርኩት ለካ ለዚያ ቀን ኖሯል፤ ቃል በቃል አነበብኩት። ብቻዬን ነበርኩ፤ ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ። መቃብሩን ደግሞ በክርስትና ስሙ ፈልጌ አገኘሁት።»

«ለጽጌሬዳ ለምን አልነገሯትም?»

«እንዴት ብዬ? ልጅ ናት። ወንድሟን ብቻዋን ቀብራ፣ ብቻዋን አልቅሳ፣ ለእኔ ስትል ደብዳቤ ስትጽፍ ታመሻለች። ‹አውቃለሁ› ብላት ያ ሁሉ ልፋቷ ምን ሊሆን ነው? ልቧ ይሰበራል አልኩ።» ትራሳቸውን ዳሰሱ። «ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፤ ደብዳቤዎቹን ወደድኳቸው። በደብዳቤው ውስጥ አገባ። ሁለት ልጅ ወለደ። ትልቋ በኔ ስም ትጠራለች።»

ሙሐሲን ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«እግሬ እምቢ ባይለኝ መቃብሩን ራሴ አስነሣው ነበር። የቦታው ነገር ሲነገር ሰማሁና አቶ አረጋዊን በስልክ ለመንኩ፤ ጋዜጣዬን በጎረቤት ላክሁላቸው። ለማንም እንዳይናገሩ፣ ለልጄም ቢሆን፣ በሥላሴ አስማልኳቸው። ማክሰኞ እደውላለሁ ብለው ቀሩ።» የተጋረደ ዓይናቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። «ለሳቸው ነው የመጣችሁት?»

«ለሳቸውም ነው» አለ ሙሐሲን። ከዚያ ሁሉንም ነገራቸው፤ አልቀነሰም፣ አላለዘበም። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ወይዘሮ ሸዋአየሁ እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ማን እንደላካቸው አልነገሯትም?»

«ምለው ነበር።»

«ያስማልኳቸው እኔ ነኝ።» ጣታቸው የአልጋውን ጠርዝ ዳሰሰ። «ማክሰኞ ፖስታ ቤት ሄዳ ነበር ያልኩህም እኔ ነኝ። የማምን እንዲመስላት ብዬ።»

ዕንባ አልወጣቸውም። «ዛሬ ስንት ነው?» አሉ።

«ሃያ ስምንት።»

«እንግዲያው ሁለት ቀን አለኝ» አሉ፤ ከአልጋቸው ሊወርዱ እግራቸውን አወረዱ።

*

ሰኞ ሰኔ ሠላሳ ዐፅሙ ተነሣ። ኢተፋ ቆፈረ። ዮሚፍ ማንም ሳያዘው መጥቶ ለአዲሱ ቦታ የሚሆነውን ድንጋይ አቆመ፤ ሁለቱም ስም ተጽፎበታል። ሙሐሲን ጀርባውን ገልብጦ አየ፤ ባዶ ነው። ወይዘሮ ሸዋአየሁን በወንበር ተሸክመው አመጧቸው። ጽጌሬዳን ሁለት ሴት ፖሊሶች ይዘዋት መጡ፤ ልደት ሰንሰለቱን ፈታችላት። እናትና ልጅ ለምንዳዬ አብረው ሲያለቅሱ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። «አታውቂም ብዬ እኮ ነው፣ እማዬ» ትላለች ጽጌሬዳ፤ «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» ይሏታል እናቷ። የተፈቀደላቸው ሃያ ደቂቃ ነበር። ልደት ሰዓቷን ሳታይ አንድ ሰዓት አስቆየቻቸው።

ሙሐሲን ከአጥሩ ውጭ ወጥቶ ስልኩን አወጣ። ወደ እናቱ ደወለ፤ ሁለተኛው ጥሪ ላይ ተነሣ።

«ሙሐሲን? ዛሬ ጁምዓ አይደለም። ምን ሆንክ?»

«ደህና ነኝ እማ። ነገ ልመጣ ነው።»

«ኧረ እሰይ! በስንት ሰዓት?»

«በማለዳ።»

ከስልኩ ወዲያ የዶሮ ጩኸት ይሰማል፤ የሚንኳኳ ብረት ይሰማል።

«ብቻህን ነህ?» አሉ እናቱ።

«አይደለሁም እማ። ከወንድሞቼ ጋር ነኝ።»

ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር በኃይል አመመው፤ ሰባት ወር የት እንደቆየ ያላወቀው ሕመም። አጥሩን ያዘ። እናቱ ብዙ ጊዜ አልተናገሩም፤ ስልኩንም አልዘጉትም።

«እሺ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «በሩን አልቆልፈውም።»